ከበርጩማ ሳይደገፉ መነሳት፦ ከስድሳ በኋላ ጉልበት እንዴት ይመለሳል

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ደሴ እኛ ሠፈር ጎረቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። እኔም እንደ ልማዴ ረከቦቱ አጠገብ ያለችው አጭር በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። አቦል ጠጣን፣ ቶና ጠጣን፣ በረካው ላይ ተመረቅንና ልነሳ ስል እግሬ እምቢ አለ። ደግሜ ሞከርኩ። ተነሳሁ ስል ተመልሼ ቁጭ። የቤቱ ልጅ ሮጣ መጣችና «አብሽር ጋሼ፣ እጅዎን ይስጡኝ» ብላ ጎትታ አነሳችኝ። ሁሉም ሳቀ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አለቀ።

የሚያናድደው ደግሞ እኔ ቁጭ ብዬ የምውል ሰው አልነበርኩም። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከፒያሳ ተነስቼ አንድ ሰዓት ያህል ዎክ አደርጋለሁ። «ስፖርት እሠራለሁ» ብዬ በየለቅሶው ድንኳን የምጎርር፣ ሌላውንም የምመክር ሰው ነበርኩ። ታዲያ በየቀኑ የሚሄድ እግር እንዴት ከበርጩማ መነሳት ያቅተዋል? ይህን ጥያቄ ይዤ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። መልሱ አጭር ነበር። መሄድ ለልብና ለሳንባ ነው፤ ጭን የሚጠነክረው ግን ክብደት ሲያነሳ ነው። «እርስዎ ጭንዎን ሥራ ፈት አድርገውታል» አለኝ። ልጅ እግር ነው፣ ግን አልተሳሳተም።

አማርኛችን እዚህ ላይ ጎበዝ ነው። መገጣጠሚያውን «ጉልበት» እንላለን። አቅምንም «ጉልበት» እንላለን። ጉልበቱ የከዳው ሰው ጉልበቱ ከዳው ነው፣ ሁለት ቃል አያስፈልገውም። የሰው ጡንቻ ከሠላሳዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ እንደሚሆን ይገመታል፣ ከ60 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። ታሞ አንድ ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ የተኛ ሽማግሌማ በዓመት የሚያጣውን በዚያች ጊዜ ሊያጣው ይችላል። ሰው ታሞ ሲነሳ «እግሬ ውሃ ሆነ» የሚለው ለዚህ ነው።

ይመለሳል ወይ? ይመለሳል። «ከዚህ በኋላ ምን ጡንቻ ይገኛል» ለሚለኝ ሰው የምነግረው አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ነው። አሜሪካ፣ ቦስተን ውስጥ በአረጋውያን መኖሪያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው 90 ገደማ የሆነ 10 ሰዎች ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሱ ተደረገ። አንዱ አቋረጠ። የጨረሱት 9 ሰዎች የእግር ጥንካሬያቸው በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ፣ ሁለቱ እንዲያውም ከዘራቸውን ጥለው መሄድ ጀመሩ። ዘጠና ዓመት! እኔ 67 ነኝ፤ ከነሱ አንጻር ገና ጎረምሳ ነኝ።

መጀመሪያ ራሳችሁን ለኩ

አንድ ጠንካራ የእንጨት ወንበር ፈልጉና ጀርባውን ግድግዳ ላይ አስደግፉት። የፕላስቲክ ወንበር አይሆንም፤ ሴራሚክ ላይ እግሩ ይከፈታል፣ አንድ ወዳጄ እንደዚያ ሆኖ በቂጡ ወድቆ ወር ሙሉ ትራስ ይዞ ዞሯል። የወንበሩ ቁመት እንደ ተራ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ይሁን። ሁለት እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምሩ። አንድ ሰው ስልኩ ላይ 30 ሰከንድ ይያዝላችሁ። ከዚያ ቀጥ ብሎ መቆም፣ መቀመጥ፣ መቆም፣ መቀመጥ። ስንት ጊዜ ቆማችሁ?

ዕድሜያችሁ ከ65 እስከ 69 ከሆነ ወንድ ከ12 በታች፣ ሴት ከ11 በታች ካመጣችሁ ከእኩዮቻችሁ ዝቅ ብላችኋል ማለት ነው። ከ70 እስከ 74 ላለ ወንድ 12፣ ለሴት 10 ነው። ከ75 እስከ 79 ደግሞ 11 እና 10። ከቁጥሩ በታች የሆነ ሰው የመውደቅ አደጋው ከፍ ይላል ተብሎ ነው የሚታየው። እጃችሁን ሳትጠቀሙ አንድ ጊዜም መነሳት ካቃታችሁ ቁጥሩ ዜሮ ነው፣ አትፈሩ፣ ዜሮም መነሻ ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን 9 አመጣሁ። ያ ሁሉ ጉራ ዘጠኝ ሆነ።

ቁጥሩን ግድግዳ ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያ ጻፉት። በወር አንድ ጊዜ ብቻ ለኩ። በየቀኑ የሚለካ ሰው ይሰለቻል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር። ደረት የሚይዛችሁ፣ ትንሽ ስትሠሩ ትንፋሽ የሚያጥራችሁ፣ ልብ ሕመም ያለባችሁ፣ ግፊታችሁ በመድኃኒትም ያልተስተካከለ፣ በቅርቡ የወደቃችሁ ወይም ቀዶ ሕክምና ያደረጋችሁ ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ስትሠሩም ደረት ላይ ጫና፣ ወደ ግራ እጅ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ማዞር ከመጣ በቃ፣ አቁሙ። «ላብ ሲወጣ ይለቀኛል» የሚባል ነገር የለም፤ ካልለቀቃችሁ ሐኪም ቤት ነው።

የቡናው ስፖርት

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ሰው ስፖርት የሚተወው ሰዓት ስለሌለው ሳይሆን ሰዓቱን የሚያስታውሰው ነገር ስለሌለ ነው። ወሎ ውስጥ ግን በየቀኑ ሳይቀር የሚመጣ አንድ ነገር አለ፣ እሱም ቡና ነው። እኔ የራሴን ስፖርት ቡና ላይ አሰርኩት። ከአቦል በፊት አንድ ዙር፣ ከቶና በፊት አንድ ዙር፣ ከበረካ በፊት አንድ ዙር። ባለቤቴ መጀመሪያ «ይኼ ሰውዬ ምን ነካው» ብላ ነበር፣ አሁን ስኒ እያጠበች ትቆጥርልኛለች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ወንበሩ ጫፍ ላይ ወጣ ብላችሁ ተቀመጡ። እግራችሁን የትከሻ ያህል ከፈት አድርጉ፣ ከዚያ ተረከዛችሁን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋችሁ ከጉልበታችሁ ትንሽ ወደ ውስጥ አስገቡት። ትልቁ ምሥጢር እዚህ ነው፤ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ለመነሳት የሚታገል ሰው ወጣትም ቢሆን አይነሳም። ቀጥሎ ከወገባችሁ ወደ ፊት ዘንበል በሉ፣ አፍንጫችሁ ከእግር ጣታችሁ በላይ እስኪሆን። ቂጣችሁ ራሱ ከወንበሩ መላቀቅ ይጀምራል። ያኔ መሬቱን በተረከዝ ገፍታችሁ ቁሙ። ስትቆሙ ትንፋሽ አውጡ። ትንፋሽ ይዞ ማማጥ ግፊትን ሽቅብ ስለሚያወጣ አደገኛ ነው፤ ጮክ ብላችሁ ብትቆጥሩ ትንፋሹ ሳታስቡት ይወጣል።

መቀመጡ ደግሞ ከመነሳቱ ይበልጣል። አብዛኞቻችን አንቀመጥም፣ እንወድቃለን፤ ወንበሩ ባይኖር መሬት ላይ ነበርን። ስትቀመጡ እስከ አራት እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ሦስት ላይ ጭናችሁ ይንቀጠቀጣል። እሰየው፣ ሥራ ላይ ነው ማለት ነው።

ስንት ጊዜ? እኔ ልኬን ካገኘሁ በኋላ በየስኒው 8 ነበር የምሠራው። እናንተ 5 ጀምሩ፣ ችግር የለውም። ልኩ ቁጥሩ አይደለም፤ ስትጨርሱ «አሁን ቢበዛ ሁለት ሦስት ልጨምር እችል ነበር» የሚያስብል መሆን አለበት። አሥር ሠርታችሁ ሌላ አሥር መጨመር የምትችሉ ከሆነ ቀሏችኋል፣ አክብዱት። ማክበጃው ብዙ ነው። እጃችሁን ተደግፋችሁ ከሆነ የጀመራችሁት ሁለት እጅ፣ ከዚያ አንድ እጅ፣ ከዚያ ያለ እጅ። ወንበሩ ከፍ ብሎ እንዲጀምር ትራስ አድርጋችሁበት ከነበረ ትራሱን አንሱ። ያም ሲቀል ውሃ የሞላ ባለሁለት ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ደረታችሁ ላይ አቅፉ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፣ ሚዛን አያስፈልግም። ቀጥሎ ባለአምስት ሊትር ጀሪካን። መጨረሻው በርጩማዋ ነች።

ይህን የጭን ሥራ በየቀኑ አትሥሩት። በሳምንት ሦስት ቀን፣ መሀል ላይ ቢያንስ አንድ ቀን እያረፋችሁ። ጡንቻ የሚሠራው በእረፍቱ ቀን ነው። ቡናው ግን በየቀኑ ይቀጥላል፣ በእረፍቱ ቀን ሌላ ቀላል ነገር እንሠራበታለን።

እኔ ይህን አልሰማ ብዬ በመጀመሪያው ቀን በየስኒው 20 ሠራሁ። በሁለተኛው ቀን ምንም። በሦስተኛው ቀን ሽንት ቤት መቀመጥ አቃተኝ፣ ደረጃ ስወርድ እንደ ሕፃን በቂጤ ልወርድ ምንም አልቀረኝም። በመጀመሪያው ሳምንት የጡንቻ ሕመም አይቀርም፤ ከሥራው ማግስት ጀምሮ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይና ይሄዳል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይረሳል። እንዲህ ዓይነቱ ሕመም ጭኑ ሥጋ ላይ ነው፣ ሁለቱም እግር ላይ እኩል ነው። የመገጣጠሚያ ሕመም ግን ሌላ ነው። ጉልበቱ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ወይም እንደ ሚስማር አንድ ቦታ ከወጋ ቀንሱ፣ ካልተሻለ አሳዩ።

«ጉልበቴን ቁርጥማት ይዞኛል፣ ብሠራ ይባስ ያልቃል» የሚል ብዙ ሰው አለ። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ያረጀ ጉልበት በእንቅስቃሴ እንደ መኪና ጎማ ተበልቶ አያልቅም። እንዲያውም የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበቱ ላይ የሚያርፈውን ጫና ይካፈላል፤ ለእንደዚህ ዓይነቱ ሕመም ሐኪሞች ከሚያዙት የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ስፖርት ነው። ቀስ ብሎ፣ ከፍ ካለ ወንበር መጀመር ነው ዘዴው።

የቀረው ሰውነት

ጭን ላይ ብዙ አወራሁ፣ ምክንያቱም የሚጥለን እሱ ነው። የቀረውን በአጭሩ ልበል።

ለደረትና ለክንድ ግድግዳ ግፉ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ መዳፋችሁን ግድግዳ ላይ አድርጉ፣ ክርናችሁን እያጠፋችሁ ወደ ግድግዳው ተጠጉ፣ መልሳችሁ ግፉ። ፑሽ አፕ ነው፣ ቆሞ የሚሠራ። ሲቀል ግድግዳውን ትታችሁ ወደ ጠንካራ ጠረጴዛ ዝቅ በሉ።

ለባት፣ የወንበር ጀርባ ይዛችሁ ተረከዛችሁን ከመሬት አንሱና በጣታችሁ ቁሙ፣ ቀስ ብላችሁ መልሱ። ደሴ ዳገት ላይ የሚገፋችሁ ይኼ ጡንቻ ነው።

ለእጅና ለወገብ ደግሞ የኛ አገር ሴቶች ሳይነገራቸው የሠሩት ሥራ አለ፣ መሸከም። ሁለት ጀሪካን፣ እኩል ውሃ ያለባቸው፣ በሁለት እጅ አንጠልጥሎ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት። ትከሻ ቀጥ፣ ዓይን ወደ ፊት። ሁለት ሁለት ሊትር ጀምሩ። አንዱን ብቻ መያዝ ወደ አንድ ጎን ያጎብጣል፣ ሁለት ያዙ። እናቶቻችን ወገባቸው የተጎዳው መሸከም መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን የተሸከሙት ከልክ በላይ፣ ያለ እረፍት ስለሆነ ነው።

ሚዛን መጠበቅ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ጥንካሬ ብቻውን አያመጣውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ለሆነ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን የጡንቻ ሥራ፣ በዚያ ላይ ደግሞ ቢያንስ ሦስት ቀን ሚዛንንና ጥንካሬን የሚያጣምር ሥራ ይላል። ሚዛኑን እኔ የማደርገው ጥርሴን ስፍቅ ነው። መፋቂያዬን ይዤ በር መቃን አጠገብ በአንድ እግር እቆማለሁ፣ አንድ እጄ መቃኑን ሊይዝ ዝግጁ ነው። 10 ሰከንድ በግራ፣ 10 ሰከንድ በቀኝ። መጀመሪያ ሦስት ሰከንድ አልቆየሁም። ከዚያ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ተረከዝን ከጣት እያገናኙ፣ በገመድ ላይ እንደሚሄድ ሰው፣ ግድግዳውን በጣት እየነካኩ መሄድ። ልጅ ልጆቼ አብረውኝ ይሠራሉ፣ እነሱ ጨዋታ ይመስላቸዋል።

ዳገትና ቁልቁለት

መሄዱን ተዉት አላልኩም። ተዉት ያልኩ የመሰለው ካለ ተሳስቷል። የደሴ ሰው ሲባል ደግሞ ዕድለኛ ነው፤ ከተማው ራሱ ጂም ነው። የጦሳ ተራራ ከኋላ፣ አዝዋ ገደል ከፊት፣ መሀል ላይ ሽቅብ ቁልቁል። ሜዳ የሚፈልግ ሰው ወደ ኮምቦልቻ ይውረድ ወይ ሐይቅ ዳር ይሂድ።

ከፍታውን ግን አትርሱ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፣ ኮምቦልቻ ከሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ከቆላ የመጣ እንግዳ፣ ወይም ልጆቹ ዘንድ ወር ከርሞ የተመለሰ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ዳገቱ ላይ ቢያለከልክ አይደንግጥ፣ ፍጥነቱን ይቀንስ። ፍጥነት በሰዓት አይለካም፣ በወሬ ነው። አብሯችሁ ከሚሄደው ሰው ጋር እያወራችሁ መሄድ ከቻላችሁ ልክ ነው። መንዙማ ማንጎራጎር ከቻላችሁ ቀስ ብላችኋል፣ ጨምሩ። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ ቁሙና እይታውን የምታደንቁ ምሰሉ። እኔ ብዙ አድንቄያለሁ።

ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው፣ የሚጎዳው ግን ቁልቁለቱ ነው። ዳገት ልብን ያደክማል እንጂ ጉልበትን ብዙ አይነካም። ቁልቁለት ላይ ጭን እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል፣ የጉልበት ሎሚም ጫናውን ይቀበላል። እኔ አንድ እሑድ ከጦሳ በኩል ከጎረምሶች ጋር እየተፎካከርኩ ወርጄ ጉልበቴ አብጦ አሥር ቀን ቤት ውዬአለሁ። ስትወርዱ እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጉት፣ ቀጥ ያለውን ትታችሁ ዘወርዋራውን መንገድ ምረጡ። ከዘራ ያዙ። ከዘራ የሽማግሌ ነው ብሎ የሚያፍር ሽማግሌ አለ፣ እሱን እግዜር ይየው። በዚያ ላይ ለማለዳ ውሻም ይሆናል።

ጫማ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። ሶሉ የተላጨ ጫማ ክረምት ላይ እርጥብ ኮብልስቶን ከነካ አለቀ። ከፈፉ ሰፋ ያለ፣ ተረከዙን የሚይዝ ስኒከር፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን። ሰልባጅም ቢሆን ሶሉን ገልብጣችሁ አይታችሁ ግዙ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭጋጉና ጭቃው ሲበዛ እኔ ውጪ መሄዱን ቀንሼ ቤት ደረጃ እወጣለሁ እወርዳለሁ፣ መደገፊያውን ይዤ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ደግሞ ብርዱ ስለሚከብድ ጠዋት 12 ሰዓት ከመውጣት ፀሐይ ወጣ እስክትል 2 ሰዓት መጠበቅ ይሻላል። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ቀስ ብሎ መሄድ፣ ሰውነት እስኪሞቅ።

የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ከአልጋ ብድግ ብላችሁ አትውጡ። አልጋው ጫፍ ላይ ደቂቃ ያህል ቁጭ በሉ፣ እግራችሁን አንቀሳቅሱ፣ ከዚያ ቁሙ። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ ደግሞ ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ አይጥፋ፤ ከተንቀጠቀጣችሁና ካላባችሁ ወዲያው ብሉ። ስትመለሱ ካልሲያችሁን አውልቃችሁ እግራችሁን ከሥር እዩ። ስኳር እግር ያደነዝዛል፣ ቁስሉ ሳይሰማችሁ ይሰፋል።

ስለ ስግደት አንድ ነገር

ይህን ስጽፍ ትዝ ያለኝ ነገር አለ። እኛ ወሎ ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም ከመሬት መነሳትን ከልጅነቱ ጀምሮ ይለማመዳል። የአምስቱ ሰላት ፈርዱ፣ ማለትም ግዴታው ብቻ፣ በቀን 17 ረከዓ፣ 17 የስግደት ዙር ነው፤ ሱናውን ሳንቆጥር 17 ጊዜ ያህል ዝቅ ብሎ መነሳት ማለት ነው። እኛ ክርስቲያኖቹ ደግሞ ሰሞነ ሕማማት ላይ በአንድ ሳምንት እንጨርሰዋለን። ለዚህ ነው ስቅለት ዕለት ሲሰግድ የዋለ ሰው ፋሲካ ጠዋት ዶሮው ቀርቦለት ጭኑን ይዞ የሚያነክሰው። ዓመቱን ሙሉ ሳይሠሩ በአንድ ቀን!

ጎረቤቴ ሐጂ 78 ዓመታቸው ነው፣ አሁንም ሱጁድ ወርደው ሳይደገፉ ይነሳሉ። ሚስጥሩን ስጠይቃቸው ሳቁብኝ። የታመመ ሰው ወንበር ላይ መስገድ ተፈቅዶለታል፣ እሱ ላይ ምንም አልልም። ግን ጉልበቱ ገና የሚሠራ ሰው ለምቾት ብሎ ወንበር ከለመደ፣ መሬት መውረዱ በዚያው እንደሚቀርበት ይወቅ። የሰው አካል ያልተጠቀሙበትን ይረሳል፣ ደግሞም ቶሎ ነው የሚረሳው።

የሚበላው

ጡንቻ ከአየር አይሠራም። ከ65 በላይ ላለ ጤነኛ ሰው በቀን በየኪሎው ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል። 60 ኪሎ የሆነ ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ነው፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ያህል። የበሰለ ምስር በ100 ግራም 9 ግራም ያህል አለው። እዩት እንግዲህ፣ ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ማታ ትንሽ እንጀራ በሽሮ ፍትፍት የሚበላ ሽማግሌ ግማሹንም አያገኝም። ሽማግሌ ሲባል ደግሞ የምግብ ፍላጎቱም ይቀንሳል፣ «ምን እበላለሁ ብለህ ነው» ይላል። ብሉ።

የኛ ምግብ ለዚህ መጥፎ አይደለም። ሽሮውን ወፈር አድርጉት፣ ምስሩን ጨምሩ፣ ከሰዓት ለቡና ቁርስ ከፈንዲሻ ይልቅ የባቄላ ወይም የሽምብራ ንፍሮ ይቅረብ። ጥርስ ለከዳው ሰው ንፍሮው በደንብ ይቀቀል። በፍስክ እንቁላልና እርጎ። አንድ ጊዜ ማታ ላይ ብዙ ከመብላት ሦስቱም ማዕድ ላይ ማከፋፈል ይሻላል። ኩላሊት የታመመ ሰው ግን የፕሮቲኑን ልክ ከሐኪሙ ይጠይቅ፣ የኔን ቁጥር አይከተል።

ጾም ላይ መሥራት ይቻላል፣ ልኩን መቀነስ ነው። የጾም ቀን ከሆነ ከምግብ በፊት ከባዱን አትሥሩ፤ ምግብ ከቀመሳችሁ በኋላ አድርጉት። ረመዷን ላይ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ከኢፍጣር በኋላ ትንሽ አረፍ ብለው ይሠራሉ፣ ቀን ላይ ሚዛኑንና ቀላል ዎኩን ብቻ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ጿሚ ይህን ከሐኪሙ ጋር አስቀድሞ ይነጋገርበት።

ከወደቃችሁ

መጨረሻ የተማርኩት፣ ግን ቀድሜ መማር የነበረብኝ ነገር ይኼ ነው፤ ከመሬት መነሳት። ብዙ ሰው የሚጎዳው በመውደቁ ብቻ አይደለም፤ ቤት ውስጥ ብቻውን ሆኖ ሰዓታት መሬት ላይ በመቅረቱ ጭምር ነው። ስለዚህ ጤነኛ ሆናችሁ፣ ሰው አጠገባችሁ እያለ፣ ምንጣፍ ላይ ተለማመዱት።

በጀርባችሁ ተኙ። በጎናችሁ ተገልበጡ። ክንዳችሁን ገፍታችሁ በእጅና በጉልበታችሁ ሁኑ፣ ሕፃን እንደሚድኸው። እየዳኻችሁ ወደማይንሸራተት ወንበር ወይም አልጋ ሂዱ። ሁለት እጃችሁን መቀመጫው ላይ አድርጉ። ጠንካራውን እግራችሁን አምጥታችሁ መዳፉን መሬት ላይ አስረግጡ፣ ሌላው ጉልበት መሬት ላይ ይቆይ። አሁን በእጃችሁም በእግራችሁም እየገፋችሁ ተነሱና ዞር ብላችሁ ተቀመጡ። ወዲያው አትቁሙ፣ ቁጭ ብላችሁ ትንፋሽ ውሰዱ። እኔ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ እሑድ እሑድ፣ ሦስት ጊዜ እሠራዋለሁ። መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ፈጀብኝ። አሁን ባለቤቴ ሳትስቅ እጨርሳለሁ።

ወድቃችሁ ዳሌያችሁን ካመማችሁ ወይም እግራችሁ አልንቀሳቀስ ካለ ግን አትታገሉ። ብርድ ልብስ ወይ ጋቢ በእጃችሁ ከደረሰ ሳቡና ልበሱ፣ ሰው ጥሩ። ለዚህ ደግሞ ስልካችሁ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን፣ ሽንት ቤት ስትሄዱም ጭምር።